ያልታዘዘ ገበር

ሥራ የጀመርኩ ቀን መርፌ አልነካሁም። ጋሽ ከማል ከመቀመጫቸው ሳይነሱ አንድ ቁራጭ ጨርቅና ክብሪት ሰጡኝና፣ "አንድ ክር ምዘዢ፤ አቃጥዪውና አሽትቺው" አሉኝ። አቃጥዬ አሸተትኩ።

"ምን ምን ይላል?"

"ወረቀት ሲቃጠል።"

አመዱን እንድነካው ነገሩኝ። ስነካው በነነ። "ይሄ ጥጥ ነው" አሉና ሌላ ቁራጭ አቀበሉኝ። የዚያኛው ክር ገና እሳቱ ሲደርስበት ተጨማደደ፣ ቀለጠ፣ ጫፉ ላይ እንደ ዶቃ ተንጠለጠለ። ቸኩዬ ነካሁት፤ ጣቴ ላይ ተጣብቆ አንገበገበኝ። "ይሄ ናይለን ነው። አንቺ ብትረሺው ጣትሽ አይረሳውም" ብለው ወደ ስፌታቸው ተመለሱ።

ጋሽ ከማል ከስልጤ መጥተው አሰላ ላይ የከረሙ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሱቃቸው ገበያው ጥግ ላይ ነው፤ ሁለት የእግር ስፌት መኪና፣ አንድ የከሰል ካውያ፣ ግድግዳው ላይ የተደረደረ ጣቃ። እሳቸው ዘንድ ሥራው በደረጃ ነበር። መጀመሪያ ክር ትለቅሚያለሽ፣ ቁልፍ ትተክያለሽ። ቀጥሎ ትዘመዝሚያለሽ። መኪና ላይ የምትቀመጪው ከዚያ በኋላ ነው። መቀስ ደግሞ የመጨረሻው ነው፤ መቀስ የያዘ ሰው ሲሳሳት ጨርቁ አይመለስማ።

የኔ ችግር መቀመጥ ነው። አዎ፣ ልብስ ሰፊ ሆኜ መቀመጥ አልችልም! ባጃጅ ጥሩንባ ሲነፋ እነሳለሁ፣ ሰው ሲሳሳቅ እነሳለሁ፣ ምንም ሳይኖር ዝናብ መጣ አልመጣ ብዬ በር ላይ እቆማለሁ። ጋሽ ከማል በመነጽራቸው ላይ አሻግረው እያዩ፣ "አስካለ፣ ወንበሩ እሾህ አለው እንዴ?" ይሉኝ ነበር። ስፌት አጣድፌ ሳበላሽ ደግሞ፣ "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ይላሉ። በቀን ሦስት ጊዜ ስለምሰማው እስቅበት ነበር።

ዓይናቸው ሲደክም መቀሱን ለኔ ሰጥተው ቤት ዋሉ። ሱቁን ይዤ ብዙ ዓመት ከሠራሁ በኋላ ነው ኦቦ ገመቹ የመጡት።

ኦቦ ገመቹ ጭላሎ ተራራ ላይ ደን ጠባቂ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ወሬ የማያበዙ ሰው። "አሻማ፣ አዴ አስካለ" ብለው ገቡና የለበሱትን የናይለን ጃኬት አውልቀው ጠረጴዛዬ ላይ ጣሉት። እጅጌው በእሾህ ተተልትሏል፤ ደረቱ ላይ የእሳት ብናኝ ያቀለጠው ቀዳዳ አለ።

"ይሄ ይጮሃል" አሉ።

"ምኑ ነው የሚጮኸው?"

"ስሄድ ነዋ! ሿ ሿ ይላል። አጋዘኑም ይሰማኛል፣ እንጨት የሚቆርጠውም ይሰማኛል። ሁሉም ይሸሻል፤ እኔ ብቻ እቀራለሁ።"

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። የሚፈልጉትን ካፖርት አንድ በአንድ ነገሩኝ፦ ንጹሕ ጥጥ፣ በጭንቅላት የሚጠለቅ፣ ፊት ለፊቱ ያልተከፈተ፣ እስከ ጭን የሚወርድ፣ ሹራብ ቢደርቡበት የማያንቅ። ኪሱ ትልቅና ክዳን ያለው። "ገበር አታግቢበት" አሉ በመጨረሻ። "ገበር ያለው ከረጠበ አይደርቅልኝም።"

ሦስት ጣቃ አወረድኩ። የመጀመሪያው ካኪ ነበር፤ ወደ ብርሃን ዘርግቼ ሳየው ፀሐይ በድሩ መሀል አለፈች፣ መለስኩት። ሁለተኛው ወፍራም ነው፤ ግን በጥፍሬ ስፍቀው ዱቄት ለቀቀ። ወፍራም የመሰለው በሙጫ ነው፣ አንዴ ሲታጠብ ሻሽ ይሆናል። ሦስተኛው የጥጥ ሸራ ነበር፣ የቅጠል ቀለም፣ ሽመናው ጥቅጥቅ ያለ። ክር መዝዤ እፊታቸው አቃጠልኩ። ወረቀት ወረቀት አለ፣ አመዱ በነነ። "ይኸው፣ ጥጥ!" አልኳቸው፤ ኮራ ብዬ ነው ደግሞ።

ሸራውን አንድ ቀን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ አድርቄ፣ ከዚያ ቆረጥኩ። ጥጥ ሳይዘፈዘፍ ከተቆረጠ የመጀመሪያው ዝናብ ላይ አጥሮ ባለቤቱን ያንቀዋል። ብብቱ ስር አራት ማዕዘን ማስፋፊያ አገባሁ፤ ክንድ ሲነሳ ልብሱ አብሮ ሆድ ድረስ እንዳይሳብ። ስፌቱን ሁሉ ደረብኩት። እውነቴን ነው፣ ከእጄ ከወጡት ሁሉ የሚበልጥ ካፖርት ነበር።

እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት! አልቆምም። ካፖርቱን ሰቅዬ ዞርኩበት፤ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። ትከሻው ሻካራ መሰለኝ። የጭላሎ ብርድ ታሰበኝ። ከሙሽራ ሱፍ የተረፈ የሚያብረቀርቅ ገበር መደርደሪያው ላይ ነበር። ከትከሻ እስከ ጀርባ አጋማሽ የሚሆን ቆረጥኩና ከውስጥ ሰፋሁት። "ግማሽ ገበር ገበር አይባልም" አልኩ ለራሴ። ሲለብሱት ደስ እንዲላቸው ነው።

የገበያ ቀን መጥተው እዚያው አጠለቁት። ክንዳቸውን አነሱ፣ አጎነበሱ፣ ተንጠራሩ። "ትከሻው ጥሩ ይንሸራተታል" አሉ። እኔም ገበር እንዳለው ሳልነግራቸው ፈገግ አልኩ። ያ ፈገግታዬ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

በጋው ጠና። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሰዉ ሁሉ መንገድ ላይ ቆሞ ወደ ተራራው ያያል። በሳጉሬ በኩል የተራራው አስታ ቁጥቋጦ ተያይዞ ጭሱ ወደ ላይ ይትጎለጎላል። ደን ጠባቂዎቹ ከሌሊት ጀምሮ እዚያ ናቸው ተባለ። ኦቦ ገመቹን አሰብኩ፤ ጥጥ ለብሰዋል ብዬ ተጽናናሁ። እንዲያውም ለጎረቤቴ "የኔ ካፖርት ነው የለበሱት" ብዬ አወራሁ።

ተመልሼ የአንድ መምህር ኮት መተኮስ ጀመርኩ። ዓይኔ በሩ ላይ ስለነበር ካውያው ሸርተት ብሎ ጠረጴዛው ላይ የነበረ ቁራጭ ነካ። ሽታው መጣ። ካውያውን ሳነሳ ቁራጩ ተጣብቆ እንደ ሙጫ ተሳበ። ያ የሙሽራው ገበር ነበር።

ሸራውን አቃጥዬ አሽትቻለሁ፤ ገበሩን አላሸተትኩም። የሚቀልጥ ጨርቅ ሰውየው ጀርባ ላይ ሰፍቼ እሳት ውስጥ ልኬአቸዋለሁ!

ስልካቸው ላይ ደወልኩ፤ አይሠራም። ደግሜ ደወልኩ። ከበሩ እስከ ስፌት መኪናው፣ ከስፌት መኪናው እስከ በሩ ተመላለስኩ። መቀሴን በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ ሱቁን ዘግቼ የሳጉሬ ሚኒባስ ላይ ገባሁ። ቢያንስ እሳቱ ሳይደርስባቸው ገበሩን ቀድጄ አወጣዋለሁ ብዬ ነው። ሾፌሩ ሰው እስኪሞላ ይጠብቃል። "ወንድሜ፣ በሞቴ ንዳው!" አልኩት። "እናቴ፣ ቁጭ በይ መጀመሪያ" አለኝ። ተሳፋሪው ሳቀብኝ። መቼ ልቀመጥ!

ከሳጉሬ ውሃና አካፋ ከሚያመላልስ አይሱዙ ላይ ተንጠልጥዬ ተራራው ግርጌ ደረስኩ። ከላይ የሚወርዱት ሰዎች ፊታቸው በጥላሸት ጠቁሯል። "ኦቦ ገመቹስ?" እያልኩ እያንዳንዱን አስቆምኩ። አንዱ ወደ አንድ ጽድ ዛፍ ጠቆመኝ።

ከወገባቸው በላይ ራቁታቸውን፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አንዲት ነርስ ቀኝ ትከሻቸው ላይ ውሃ እያፈሰሰች ነው። መዳፍ የሚያህል ቆዳ ተልጧል። ዳሩ ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር ተጣብቋል። ያን አብረቅራቂ ነገር ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

"አዴ አስካለ" አሉ ሲያዩኝ። "እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ካፖርቱ..." አልኩ።

"ካፖርቱ ደህና ነው።" ቅርንጫፉ ላይ ከተሰቀለበት አውርደው አሳዩኝ። የጋመ እንጨት ወድቆባቸው ኖሮ ትከሻው ላይ ጣት የምታህል ጥቁር ምልክት አለች። ሸራው አልተበሳም። ከዚያ ገለበጡት። ከውስጥ ገበሩ ቀልጦ ተጨማዶ ደርቋል። "ውስጡን ማን አዘዘሽ?"

"ማንም። እንዳይበርድዎት ብዬ ነው።"

"አልበረደኝም" አሉ።

አለቀስኩ። ነርሷ ቀና ብላ አየችኝና ሥራዋን ቀጠለች። ኦቦ ገመቹ ግን ካፖርቱን ወረወሩልኝ። "ማልቀሱን ተዪና አውጪው። የምለብሰው ሌላ የለኝም፤ ነገ ወደ እሳቱ እመለሳለሁ።"

ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስፌቱን በመቀስ ጫፍ አንድ በአንድ ፈታሁ። የቀለጠውን በጥፍሬ ፋቅሁ። ሰው ይጮሃል፣ አይሱዙው ይመጣል ይሄዳል፤ ቀና አላልኩም። ያን ያህል ሰዓት ሳልነሳ ተቀምጬ አላውቅም።

ማታውን ጋሽ ከማል ቤት ሄጄ ነገርኳቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። "ገበሩን አሽትተሽው ነበር?" አላሸተትኩም አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የኦቦ ገመቹ ትከሻ ዳነ፤ ጠባሳው ግን አለ። ክረምቱ ሊገባ ሲል ለሦስት ባልደረቦቻቸው ካፖርት አዘዙኝ። እኔ ጋ ይመለሳሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሊወስዱ ሲመጡ ሱቁ በደንበኛ ተሞልቷል። ሦስቱንም ሰው ፊት ገልብጠው፣ እጅጌውን ሁሉ አውጥተው፣ ስፌቱን በጣታቸው እየዳሰሱ አዩ። ፊቴ ጋለ። ሲጨርሱ አጥፈው ብብታቸው ስር ያዙና፣ "ጥሩ ነው" ብለው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ልብስ ገልብጬ ነው የማስረክበው። አዲስ ደንበኛ "ተሳሳትሽ እንዴ?" ይለኛል። አልተሳሳትኩም እለዋለሁ። ደጅ የሚለበስ ጥጥ ስትመርጡ ክሩንም፣ ገበሩንም፣ የኪሱን ጨርቅም አቃጥላችሁ አሽትቱ፤ ያልታዘዛችሁትን አትስፉ።