ባዶ የመሰለኝ ዲስክ

በመሰላ ከተማ የሚኖሩትን ሽማግሌ ድምፅ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ልጃቸው በጠየቀችኝ ጊዜ ግን መጀመሪያ የነገርኳት ይህን አልነበረም።

በዚያን ጊዜ ጭሮ ከተማ ውስጥ ዘጋቢ ነበርኩ። ሂርና መኪና ተገለበጠ ቢሉኝ፣ ገለምሶ ቡናው ታመመ ቢሉኝ፣ ከሁለት ሰው ሳልሰማ አልጽፍም። አብራኝ የምትሠራው ባልደረባዬ «እሱ እኮ ዝናብ ዘነበ ለማለትም ሁለት የረጠበ ሰው ይፈልጋል» እያለች ታሾፍብኝ ነበር።

ሽማግሌውን ያገኘኋቸው መሰላ ውስጥ ስለደረቁ ምንጮች ልዘግብ በሄድኩ ጊዜ ነው። የትኛው ምንጭ በማን ዘመን እንደደረቀ፣ በየትኛው ውሃ ማን ከማን እንደተጣላና ማን እንዳስታረቃቸው የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። በኦሮምኛ ይጀምሩና ብዕሬን ሳነሳ ሲያዩ ወደ አማርኛ ይመለሱልኛል። ጨርሰን የድምፅ መቅረጫዬን ላጠፋ ስል እጄን ያዙኝ።

«ተወው። ይሄ ነገር ድምፅ ያስቀምጣል አይደል?»

«ያስቀምጣል፣ አባባ።»

«እስከ መቼ?»

«እርስዎ እስከፈለጉት ድረስ።»

«እንግዲያው ለልጄ ልናገርበት።»

ልጃቸው ጅዳ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። በስልክ ለምን አይነግሯትም አልኳቸው። «በስልክማ እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ ዝም እላለሁ፣ መስመሩ ይቆረጣል» አሉ። በሩ አጠገብ ስላለችው፣ ልጅቷ ከመሄዷ በፊት ስለተከለቻት የዘይቱን ዛፍ መናገር ጀመሩ። አፍርታለች፣ ማንንም አላስነካሁም አሉ። የአባትና የልጅ ወሬ መስሎ ስለታየኝ መቅረጫውን እንደበራ ትቼላቸው ወጣሁ። ሃያ ደቂቃ ያህል ውጭ ቆምኩ። ስመለስ «ስትመጣ ትሰጣታለህ፣ ኢንሻአላህ» አሉኝ። እሺ አልኩ። ማስታወሻዬ ላይ «ለልጅ መልእክት፤ ለዜና አይሆንም» ብዬ ጻፍኩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ የቢሮው ኮምፒውተር ሞልቶ ይንቀራፈፍ ጀመር። መብራት በሄደና በመጣ ቁጥርም አንድ ቀን እስከነያዘው ይቃጠላል ብዬ እሰጋ ስለነበር ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገዛሁ። ሰካሁት፤ ስሙን «መጠባበቂያ» አልኩት። ለየከተማው አንድ አንድ ፎልደር ከፈትኩ፤ ሂርና፣ ገለምሶ፣ መሰላ። ከዚያ የዓመታት የድምፅ ቀረጻዎቼን በሙሉ ከኮምፒውተሩ ቆርጬ ወደዚያ አዛወርኩ። ኮፒ አላደረግኩም፣ ቆረጥኩ፤ ኮምፒውተሩ ላይ አንድም አልቀረም። ኮምፒውተሩ ቀለል ሲለው እኔንም ቀለል አለኝ።

ባልደረባዬ ከጀርባዬ ቆማ ስታይ ነበር። «ለዜና ሁለት ምንጭ ካልሆነ ትላለህ። ድምፁ ግን አንድ ቦታ ይበቃዋል?»

«መጠባበቂያ ነው እኮ» አልኳት።

«የምኑ መጠባበቂያ? ዋናው የታለ?»

ሳቅኩ። ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

አንድ ቀን ጽሑፍ ፕሪንት ላስደርግ ዲስኩን ይዤ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። ተመልሼ ቢሮ ስሰካው ፎልደሮቹ ሁሉ ትንሽ ቀስት የተለጠፈባቸው ምልክቶች ሆነዋል። ብጫናቸው አይከፈቱም። በዚያን ጊዜ የጭሮ ፍላሽ ሁሉ የሚታመመው በዚሁ ቫይረስ ነበር፤ ሁላችንም የምናውቀው መድኃኒት ፎርማት ማድረግ፣ ያለውን ሁሉ መደምሰስ፣ ብቻ ነበር። እኔ በቀላሉ የምደነግጥ ሰው አይደለሁም። ፋይሎቹ ጠፍተዋል፣ ቢያንስ ዲስኩ ይትረፍ አልኩና ፎርማት አደረግኩት። በማግስቱ አዳዲስ ሥራዎቼን ጫንኩበት።

ከሳምንታት በኋላ ሌላ ዕቃ እንድትጠግንልኝ የወሰድኩላት የኮምፒውተር ባለሙያ ታሪኩን ስነግራት ብሎን መፍቻዋን አስቀመጠች።

«ፎርማት ከማድረግህ በፊት ምን ያህል ቦታ እንደተያዘ አላየህም?»

«አይቻለሁ። ሊሞላ ትንሽ ነበር የቀረው።»

«ታዲያ ፋይሎቹ ከጠፉ ምን ሞላው?»

ቫይረሱ ፋይል እንደማያጠፋ፣ ደብቆ በላዩ የውሸት ምልክት ብቻ እንደሚያስቀምጥ ነገረችኝ። ድምፁ እዚያው ነበር። የተያዘውን ቦታ የሚያሳየው ቀይ መስመር ዲስኩ መሙላቱን እየነገረኝ፣ አይቼው፣ አልጠየቅኩትም። ዲስኩን ወስዳ ሞከረች። አዲሱ ሥራዬ በአሮጌው ላይ ተጽፎበት ስለነበር ከመሰላው አንድም አልተገኘም።

ሽማግሌው ያኔ በሕይወት ነበሩ። መሰላ ከጭሮ ሩቅ አይደለም። መቅረጫዬን ይዤ ብሄድና «አባባ፣ አጥፍቼዋለሁ፣ እንደገና ይናገሩልኝ» ብላቸው፣ ስቀውብኝ ይናገሩ ነበር። አልሄድኩም። አንድ ጊዜ እንዲያውም ለስብሰባ መሰላ ድረስ ሄጄ፣ በቤታቸው በኩል ላለማለፍ በሌላ መንገድ ዞርኩ። በሚቀጥለው እላለሁ፣ በሚቀጥለው እላለሁ። እንዲህ እያልኩ መሞታቸውን ሰማሁ።

ልጃቸው የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ቢሮዬ በር ላይ ቆማ ስሜን ጠራች። አዲስ ፍላሽ በእጇ ይዛለች።

«አባቴ በስልክ ነግሮኛል። ለአንተ አደራ ሰጥቻለሁ ብሎኛል።»

«ቫይረስ በላው» አልኳት። «በጣም አዝናለሁ።»

ፍላሿን ቀስ ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ቫይረስ ከሆነ ምን ታደርጋለህ ወንድሜ። ከአላህ ነው» ብላ አጽናናችኝ። ከዚያ ወጣች።

ትንሽ እንደተቀመጥኩ ተነስቼ ተከተልኳት። መናኸሪያው ውስጥ የመሰላው ሚኒባስ እስኪሞላ ስትጠብቅ አገኘኋት። ሁሉንም በቅደም ተከተል ነገርኳት፤ መቁረጤን፣ ቀዩን መስመር፣ ፎርማቱን። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ይሄን ያወቅከው አባቴ ከሞተ በኋላ ነው ወይስ በሕይወቱ?»

«በሕይወት እያሉ።»

ዞር ብላ ወደ መንገዱ አየች። ረዳቱ «መሰላ፣ መሰላ» እያለ ይጣራል።

«አባቴ ምን አለ ታዲያ? የሰማኸውን ንገረኝ።»

የማላውቀውን ጨምሬ ላጽናናት ቃጥቶኝ ነበር። ግን ያወቅኩትን ብቻ ነገርኳት። «ዘይቱኗ አፍርታለች፣ ማንንም አላስነካሁም አሉ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ወጣሁ።»

ሚኒባሱ ውስጥ ገባች። በሩ ሳይዘጋ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «የዘይቱኗንማ ጎረቤትም ነግሮኛል» አለችኝ።