ውሃ ላይ የቀሩ እንቁላሎች

በሁዳዴ ጾም ዶሮ መጣሏን አትተውም፤ የሚበላላት ግን የለም። በእኛ አገር፣ ከጓሳ በታች፣ እንቁላሉ ገብስ ውስጥ ተቀብሮ ይቆይና በዓሉ ተቃርቦ ዋጋው ሲወደድ ሞላሌ ገበያ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ቤት በጾሙ መጨረሻ ሦስት እንቁላል ሰጠ ማለት ከበዓሉ ቀንሶ ሰጠ ማለት ነው። ይህን እያወቅሁ ነው የሆሳዕና ዕለት ያንን ያደረግሁት።

ሐሳባችን ቀላል ነበር። በፋሲካ ማግስት ለአጥቢያው ሕፃናት ሁሉ፣ ላለውም ለሌለውም፣ አንድ የተቀቀለ እንቁላል፣ አንድ ቁራሽ ድፎ ዳቦና ሁለት ከረሜላ መስጠት። ዳቦውን እናቶች ሊጋግሩ፣ ከረሜላውን ዲያቆኑ ጓደኛዬ ከሞላሌ ሊያመጣ፣ እንቁላሉን እኔ ልሰበስብ ተስማማን። እኔ ሬዲዮና የሶላር መብራት እጠግናለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ የለም፤ እየፈታሁ እየገጠምኩ ነው የለመድኩት፣ ስለዚህም ሳልፈትሽ የምቀበለው ነገር የለም። ከነዚያ ሕፃናት ለአንዱ የተበላሸ እንቁላል ይደርሰው ይሆን የሚል ሐሳብ ቀንም ሌትም አላስቀምጠኝ አለ። ስልኬ ላይ ፈልጌ አነበብኩ፤ ውሃ ውስጥ የሰመጠው ደኅና ነው፣ የተንሳፈፈው አይበላም ይላል።

የሆሳዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ሳፋ ሙሉ ውሃ ይዤ ተቀመጥኩ። ሰው ያመጣውን አንድ በአንድ ውሃው ውስጥ አኖራለሁ፣ ሲሰምጥ አውጥቼ በጨርቅ አደርቃለሁ፣ ገለባ ላይ እደረድራለሁ። ሁሉም ይሰምጥ ነበር። ከዚያ እማሆይ መጡ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር በተጠጋች አንዲት ጎጆ የሚኖሩ አሮጊት መነኩሲት ናቸው፤ ያለቻቸው ዶሮም አንዲት ናት። የያዙት ቅርጫት ውስጥ የገብስ ገለባ ተጎዝጉዞ አሥራ አንድ እንቁላል ነበረበት። ሁለቱ ሰመጡ። ዘጠኙ ውሃው ላይ ቀሩ።

ከኋላቸው ሰው ቆሟል። ዓይኔን ከሳፋው ሳላነሣ፣ «እነዚህ አይሆኑም» አልኩ።

እማሆይ ዘጠኙን እያነሡ፣ በነጠላቸው ጫፍ እያደረቁ፣ ወደ ቅርጫታቸው መለሷቸው። «ይሁን» ብለው ሄዱ።

ጓደኛዬ ሰው እስኪበተን ጠብቆ፣ «አንተ፣ ባትሪ መሰሉህ እንዴ?» አለኝ። ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው አልኩት። «ለሁሉም አንድ መሆኑንማ አይቻለሁ፣ ግን ቅርጫቱን ይዞ የተመለሰው አንድ ሰው ብቻ ነው» አለና ትቶኝ ሄደ።

ቤቴ ገብቼ አንድ ሬዲዮ ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። የእሳቸው ብቻ ለምን ተንሳፈፈ? ሌላው ሰው ነገሩን ሰምቶ ለልጆቹ ማስቀመጥ የጀመረው በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። በጥር መብራታቸውን ልጠግን ሄጄ፣ ለማንም ሳልነግር ሐሳቤን ለእሳቸው ነግሬያቸው ነበር። «ደግ ነው» ብቻ ነበር ያሉኝ። ከጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት ጀምረው ለልጆቹ ሲያስቀምጡ ከርመዋል ማለት ነው። ውሃው የእንቁላሎቹን ማርጀት ነግሮኛል። መበላሸታቸውን ነግሮኛል ወይ? እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ለመስበር ደግሞ አንድም በእጄ አልቀረም።

በማግስቱ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ አሰብኩ፤ ሰሞነ ሕማማት ሆነ። በዚያ ሳምንት ሰው ሰላም አይባባልም፣ እጅ አይጨባበጥም፣ መስቀል አይሳለምም። መናገርማ አልተከለከለም፤ እኔ ግን ሰላም ሳልል ንግግር መጀመር የማልችል ሰው ነኝ። በየቀኑ ለስግደት ስንቆም በሴቶቹ በኩል፣ ከጥዱ ሥር አያቸዋለሁ። ያዩኛል፤ ዝም ይላሉ። ዝምታው በሳምንቱ ይሁን በእኔ የተነሣ፣ መለየት አልቻልኩም። ዓርብ ዕለት ስሰግድ ቁጥር ጠፋኝ። ስንት እንደ ሰገድኩ የማላውቀው ያን ዓመት ብቻ ነው።

የፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ረፋድ ሕፃናቱ ከደጀ ሰላሙ ውጭ በሁለት መስመር ተቀመጡ። በስም የጻፍኳቸውን ሁሉ ቆጥሬ ነበር፤ ከገደሉ ማዶ ያሉት ሰምተው እንደሚመጡ ግን አልቆጠርኩም። ሌላም ነገር አበሳጨኝ። ሰምጠው ያለፉት እንቁላሎች ገና አዲስ ስለሆኑ አልላጥ አሉ። ልጣጩ ከነጩ ጋር ተጣብቆ እየተገነጠለ፣ ልጆቹ እጅ ላይ ተቆራርጦ የሚቀረው ግማሹ ብቻ ነበር። እንቁላሉ ሲያልቅ አሥራ አንድ ልጆች ዳቦ ብቻ ይዘው ያዩኛል።

ጓደኛዬ አገጩን ወደ እማሆይ ጎጆ አነሣ። 

ሄድኩ። በራቸው ላይ ቆሜ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» አልኩ። «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» አሉ፤ እንኳን አደረሰህ ብለውም መረቁኝ። ልጆች ተርፈውብኛል አልኳቸው።

«እኔ ጋ ያሉት ፈተና የወደቁት ናቸው እኮ» አሉ።

«እኔ ነኝ የወደቅኩት። ይቅር ይበሉኝ እማሆይ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉና ቅርጫቱን አወጡ። ዘጠኙም ተቀቅለዋል። ትናንት ለመጣ ልጅ ብለው ቀቅለው ነበር፤ ልጁ ሁሉ የእኛን ሰኞ ሲጠብቅ የመጣ የለም።

ተከትለውኝ ወጡ። ልጆቹ ፊት ስንደርስ ግን ቅርጫቱን አልለቀቁልኝም። በእኛ አገር ጠላ የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ ከእጁ መዳፍ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ ሰጪ ሳይቀምስ ተቀባይ አይጠጣም። እሳቸው ደግሞ ከመነኮሱ ወዲህ እንቁላል ቀምሰው አያውቁም።

«ሰጪ ይቀምሳል። እኔ አልበላም፤ አንተ ቅመስልኝ» አሉ።

አንዱን አንሥቼ ድንጋይ ላይ መታሁት። ልጣጩ በሁለት ክፍል፣ እንደ ልብስ ወለቀ። አሸተትኩት። ልጆቹ ያዩኛል፣ ጓደኛዬ ያየኛል፣ እማሆይ ግን መሬት መሬት ያዩ ነበር፤ ጣታቸው የቅርጫቱን ጆሮ ጨብጧል። ነከስኩ። አስኳሉ ደረቅ ብሎ ትንሽ ገለባ ገለባ ይላል። ደኅና ነበር። ዋጥኩና ሌላውን ግማሽ ደገምኩ።

«እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ከሌሎቹ ይሻላል» አልኩ። ልጣጩ በመልቀቁ እውነት ነው፤ በጣዕሙ ግን ጥቂት ጨምሬበታለሁ።

የቀሩትን ስምንቱን እሳቸው በእጃቸው አደሉ፤ ትልልቆቹ ልጆች ለሁለት ተካፈሉ። እኔ ግን አላረፍኩም። የአንዱ ደኅና መሆን ለሌላው ዋስ አይሆንም። ከልጅ ወደ ልጅ እየዞርኩ ሲልጡ አያለሁ፣ ሲነክሱ ፊታቸውን አያለሁ። ሰባቱ ተበሉ። ስምንተኛዋን የያዘችው ከማዶ የመጣች ልጅ አልላጠችም። ለእናቴ ነው ብላ በቀሚሷ ጫፍ ቋጠረችው።

እዚሁ ስበሪው ልላት አፌን ከፈትኩ። እማሆይ አዩኝ። አፌን ዘጋሁ።

ልጅቷ ቁልቁለቱን እየሮጠች ወረደች። ከገደሉ አፋፍ ሆኜ፣ የቀሚሷ ቋጠሮ ከጉልበቷ ጋር ሲጋጭ፣ እስክትሰወር ድረስ አየሁት።