በወረቀቱ ላይ መብራት አይሄድም

ጅማ ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ደዶ አቅራቢያ ላለ የቡና ማድረቂያ ማሽን የመቆጣጠሪያ ፕሮግራም እንድሠራ ተጠየቅኩ። ፕሮግራሙን ከመጻፌ በፊት ማሽኑ ምን ማድረግ እንዳለበት፣ በስንት ሰከንድ ውስጥ እንደሆነም ጭምር፣ በሒሳብ ቋንቋ ጻፍኩ። ቋንቋው ራሱ ማሽን አያንቀሳቅስም። አሻሚ ነገር እንዳይቀር ያደርጋል፤ ከዚያ አንድ ሶፍትዌር ሊፈጠር የሚችለውን ሁሉ ይፈትሻል። ዋናው ሕጌ አጭር ነበር፦ ማራገቢያው ሳይዞር እሳቱ ከሁለት ሰከንድ በላይ አይንደድ። ሶፍትዌሩ ስህተት የለም አለኝ። ለሁለት ቀን ደስተኛ ሰው ነበርኩ።

ማሽኑን ለብዙ ዓመት የያዙት ሰው፣ ሁሉም ሐጂ የሚሏቸው ሽማግሌ ነበሩ። ወረቀቱን ይዤ ሄጄ ምልክቶቹን አንድ በአንድ በአማርኛ አስረዳኋቸው። አማርኛዬ ሲረዝም እሳቸው በኦሮምኛ ይደግሙታል፤ ያጥራል። ስጨርስ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሜ፣ እስቲ ልጄ፣ መብራት ሲሄድስ ምን ይላል?»

ወረቀቱ ውስጥ ፈለግኩ። ምንም አይልም። አምስት ገጽ ሙሉ መብራት የሚሄድበት ቦታ አልነበረም። የጻፍኩት ደግሞ ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር፣ በዚያ ሳምንት ሦስት ጊዜ መብራት በጠፋበት ቤት ውስጥ ነው።

ተመልሼ የመብራቱን መሄድና መምጣት ጨመርኩበት። ሶፍትዌሩ ወዲያው ስህተት አገኘ፦ መብራት ሲሄድ ሁለቱም ይቆማሉ፤ ሲመጣ እሳቱ በራሱ ይነሳል፤ ማራገቢያው ግን ሰው ቁልፉን እስኪጫን ይጠብቃል።

ይህንን ለሐጂ ስነግራቸው አልተገረሙም። የግራ እጅጌያቸውን ሰብስበው ከክርን እስከ እጅ አንጓ የሚወርድ የቃጠሎ ጠባሳ አሳዩኝ። ያለፈው ዓመት በአሮጌው መቆጣጠሪያ ልክ እንዲሁ ሆኖ፣ ቡናው ተያይዞ፣ እሳቱን ሊያጠፉ ሲገቡ ነው የተቃጠሉት። ለምን ለሰው እንዳልነገሩ ጠየቅኳቸው።

«ነግሬያለሁ» አሉ። «የጻፈው ሰው የለም።»

ቁጭ ብለን አዲሱን ሕግ አብረን አወጣን፦ መብራት ሲመጣ ምንም ነገር በራሱ አይነሳም፤ ሰው መጀመሪያ ማራገቢያውን ያስነሳል፣ እሳቱ ከዚያ በኋላ ነው። ሶፍትዌሩም ስህተት አላገኘበትም። እኔም ፕሮግራሙን ጽፌ ገጠምኩት።

በሙከራው ቀን ሐጂ ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ ራሳቸው ያዙ። አጠፉ፣ አበሩ። እሳቱ አልተነሳም። «አልሐምዱሊላህ» ብለው እንደገና አጠፉ። በሒሳብ የተረጋገጠ ነገር መሆኑን በትሕትና ገለጽኩላቸው። ሰሙኝና እንደገና አጠፉ። አስር ጊዜ ያህል ከሞከሩ በኋላ የከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ደርሶ ሄዱ።

ብቻዬን ስቀር፣ ማንም እንዳላየኝ አረጋግጬ፣ እኔም አንድ ጊዜ አጠፋሁት።