የጋሽ ታደለ ሆድ

ሥራዬ የድራፍት ማሽን ማጽዳት ነው። ሰው ብርጭቆው መታጠቡን ገልብጦ ያያል እንጂ ቢራው የመጣበት ቱቦ ትዝ አይለውም። እዚያ ውስጥ ግን ባክቴሪያዎች ተያይዘው ለሃጭ የመሰለ ነገር ሠርተው ይለጠፋሉ፤ ውሃ ቢለቁበት ንቅንቅ አይልም።

ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ያለው የእትዬ ብርቄ ድራፍት ቤት ቱቦ የባሰበት ነበር። በመድኃኒት አጥቤ የወጣውን ሳሳያቸው በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። «ልጆቼን ይሄን ሳጠጣ ኖሬያለሁ?» አሉ። ልጆቼ የሚሏቸው ጡረተኛ ደንበኞቻቸውን ነው።

በማግስቱ ቀን ላይ ደወሉልኝ። «ቶሎ ድረስልኝ! የትናንት ማታው ድራፍት ውሃ ነበር ብለው ደንበኞቼ ጎረቤት ሊገቡ ነው።»

ስደርስ የአድማው መሪ ጋሽ ታደለ ባንኮኒውን ተደግፈው ቆመዋል፤ በእድሜ አባቴ ይሆናሉ። እትዬ ብርቄ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። አንድ ድራፍት አስቀድቼ ቀመስኩ። ምንም አልሆነም።

«ጋሽ ታደለ፣ ቱቦውን አጽድቼው ነው እንጂ ውሃ አልገባበትም» አልኳቸው።

«እኔን አታሞኘኝ!»

«ታዲያ ውሃ መሆኑን በምን አወቁ?»

ጠጋ ብለው፣ ሚስጥር እንደሚነግር ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስማ ልጄ፣ የብርቄን ድራፍት በጠጣሁ ማግስት ከወፍ በፊት የሚቀሰቅሰኝ ሆዴ ነው። ሲያጉረመርም፣ ሽንት ቤት ሲያመላልሰኝ ነው የሚነጋው። ስንት ዓመቴ! ዛሬ ግን እስከ ሦስት ሰዓት ተኛሁ። ውሃ ባይሆን እንዲህ እተኛ ነበር?»