የከፋዩ ካፖርት

የሰፈሩ ሰው ስሙን ትቶ «መቀሱ» ይለዋል፤ እሱም ይህን ስም ይወደዋል። ልብስ ሰፊ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በዚያች አንድ ክፍል ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ቆርጧል፤ ሚስቱ ከጎኑ የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ እሱ የቆረጠውን ሰፍታለች። አንድም ቀን መቀሱን አላስነካትም። መቁረጥ የወንድ እጅ ይፈልጋል ብሎ ያምናል። ማን እንዳለው ቢጠየቅ መልስ የለውም፤ ከአባቱ ሰምቶት ይሆናል፣ ወይ ራሱ ፈጥሮት ይሆናል። እንዲህ ያለ እምነት ምስክር ጥሩልኝ አይልም፤ ዝም ብሎ ቤት ውስጥ ይኖራል።

ዘንድሮ ግን ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሁለት ኮት አበላሸ፤ ደንበኛው አንድ በአንድ ከዳው። የቀረችው አንዲት ጡረተኛ አስተማሪ ናት። ከሟች እህቷ የቀረላትን ሰማያዊ ከፋይ ጨርቅ አምጥታ፣ ካፖርት ይሁንልኝ፣ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት መጥቼ እለካዋለሁ ብላለች። ይህም ካልሆነ ሱቁ ይዘጋል። ባልና ሚስቱ ያውቁታል፤ አንዳቸውም አያነሱትም።

በጠዋት ከፋዩን በፊቱ ደፍቶ ጀርባው ላይ በጠመኔ አሰመረ።

«ላግዝህ?» አለችው ሚስቱ።

«ጨርቁን ያዢልኝ፤ መቀሱን ተዪው።»

ቀኝ እጁን በግራው ጨብጦ፣ ላብ በላብ ሆኖ ቆረጠ። ሚስቱ የፊቱንና የኋላውን አጋጥማ ልትሰፋ አነሳች። በመዳፏ ዳሰሰችና ቆመች።

«የኋላው ጠጉሩ ወደ ላይ ነው።»

«አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ» ብሎ ነጠቃትና ወደ መስኮቱ ወሰደው። የፊቱ ያብለጨልጫል፣ የኋላው ጠቁሯል፤ ከአንድ ጨርቅ የወጡ አይመስሉም። ከፋይ የጠጉሩ አቅጣጫ ተገልብጦ ሲቆረጥ እንዲህ ነው፤ ጀማሪ እንኳን አንዴ ከተሳሳተው አይደግመውም። ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። የተረፈው ጨርቅ ለአንድ ጀርባ ብቻ ይበቃል። እጁን አየው፤ ይንቀጠቀጣል። ያን ሁሉ ዓመት ይዞት የኖረው እምነት ምን እንደጠቀመው ቢያስብ ቢያስብ አልመጣለትም። አፈረ፤ ፈራም።

ተነስቶ የተረፈውን ጨርቅ በትክክል አሰመረና መቀሱን ዘረጋላት።

«እንኪ። አንቺ ቁረጪው።»

ተቀበለችው። ፈገግ አላለችም። አፍንጫዋ ጨርቁን እስኪነካ ጎንበስ አለች።

«መስመሩ የት ጋ ነው?»

«ፊትሽ ነው'ኮ።»

«አይታየኝም። ከአምና ጀምሮ አይታየኝም።»

«ታዲያ እንዴት ስትሰፊ ከረምሽ?»

«በጣቴ። ጥቁር ጨርቅ ላይ ሲያፈጥ የኖረ ዓይን ምን ይተርፈዋል?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለመቁረጥ አትሆኚም ስትለኝ ኖርክ። ለመስፋትም አትሆኚም እንድትለኝ ነው?»

እሷ መቀሱን ሁልጊዜ ከሚቀመጥበት ቦታ፣ በእሱ ቀኝ በኩል፣ መልሳ አስቀመጠችው።

«የዛሬ አስር ዓመት ብትሰጠኝ ኖሮ እቆርጠው ነበር» አለች።

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ።

«ደረሰልኝ?» አለች አስተማሪዋ ከውጭ፣ ደስ ብሏት።

ጨርቁ መሀላቸው ተዘርግቷል። ሁለቱም በሩን ለመክፈት አልተነሱም።