ለጅቡ የጻፍኩት ማመልከቻ

ልጅ ሳለሁ ካዛንችስ መብራት ሲጠፋ ደስ ይለኝ ነበር። ያኔ ጎረቤታችን አባባ ዘውዴ፣ ወንዝ ዳር ካለችው ቤታቸው ደጃፍ ከሰል አያይዘው፣ ኩራዙን በርጩማ ላይ አስቀምጠው «ተረት ተረት» ሲሉ እኛ የሰፈሩ ልጆች «የላም በረት!» እያልን እንከባቸዋለን። አብዝተን የምናስነግራቸው ጅቡ ከላይ ሆኖ፣ ከታች የምትጠጣዋን አህያ «ውሃውን አደፈረስሽብኝ» የሚልበትን ነው። አህያዋ «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» ስትለው ሌሎቹ በሳቅ ሲፈርሱ እኔ እናደድ ነበር።

«ለዳኛ ለምን አትከሰውም?» አልኳቸው አንድ ምሽት።

አባባ ፍሙን እየቆሰቆሱ «ዳኛው ማን ሆነና፣ ልጄ?» አሉኝ።

ስምንተኛ ክፍል ስደርስ ከበላያችን ትልቅ ሆቴል ተሠራና ፍሳሹን በቱቦ ወንዙ ውስጥ ይለቅብን ጀመር። አባባ በዳርቻው የተከሉት ጎመን ጠወለገ፤ ሽታው እንጀራችን ላይ ሳይቀር ተቀመጠ። እድሩ ተሰብስቦ ለቀበሌው ማመልከቻ ይግባ አለ። የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር የሰፈሩን ማመልከቻ ሁሉ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። አባባ ብቻ «ይቅርብን» አሉ። «እርስዎ ካልፈረሙ ማን ይፈርማል?» ብዬ ሞግቼ ያስፈረምኳቸው እኔ ነኝ። «በወንዙ ዳር መኖር ለጤናችን አስጊ ሆኗል» ብዬ፣ ፊደሉን አሳምሬ ጻፍኩ።

ኮሚቴ መጣ። አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው ወንዙን አዩ፤ ቱቦውን ግን ማን ቀና ብሎ ይየው! ብዙም ሳይቆይ በየበራችን ቀይ ምልክት ተቀባ። በጠሩን ስብሰባ የቀበሌው ሹም የእኔን ወረቀት ከፍ አድርጎ ይዞ፣

«አስጊ ነው ያላችሁት ራሳችሁ ናችሁ፤ በቃ፣ ለጤናችሁ ስንል እናነሳችኋለን። ወንዙንም የሚበክለው የናንተው ሽንት ቤት ነው» አለ።

አባባ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሱ። «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አሉት። ማንም አልሳቀም።

ቤታችን ሲፈርስ አባባን ከከተማው ጫፍ ወስደው ጣሏቸው። ሲሞቱ ድንኳን የሚተክልላቸው እድር እንኳ አልነበረም፤ ሁላችንም በየአቅጣጫው ተበትነናል።

አድጌ ሥራ ከያዝኩ በኋላ እዚያው ሆቴል ለዓለም አቀፍ የአካባቢ ጥበቃ ጉባኤ ተላክሁ። አንዱ ባለሙያ የየአገሩን ወንዝ ፎቶ እያሳየ፣ ችግሩ ድሆች ወንዝ ዳር መስፈራቸው ነው ሲል አዳራሹ አጨበጨበ። ተነስቼ በጓሮ በኩል ወጣሁ። ቤቶቻችን የሉም፤ ቱቦው ግን ያው ቱቦ ነው፣ ይፈስሳል።

ጅቡንስ ልጅ ሆኜም አውቀዋለሁ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤ ማመካኛ ሲያጣ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ጽፌ ያቀበልኩት እኔ ነኝ።