የዱሪ ግራ እጅ

ሰራይና ባሏን ማስታመም ከጀመረች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አናጢው ዱሪን ስትሮክ መትቶት ቀኝ ጎኑ ከከዳው ወዲህ ታጥበዋለች፣ ታጎርሰዋለች፣ ታገላብጠዋለች። በእነዚህ ዓመታት መንደራቸው ካለበት ተራራ ወርዳ አንድ ቀን እንኳ ሌላ ቦታ አላደረችም። ደክሟታል፤ እንዲያው ድካም ብቻ ሆናለች።

ስለዚህ፣ በቤታቸው ሕመምተኛ የሚያስታምሙ ሰዎች በዓመት ሁለት ሳምንት ተተኪ ተሰጥቷቸው ይረፉ የሚል ሕግ ለሕዝብ ድምፅ ይቅረብ ሲባል፣ ፊርማ ለማሰባሰብ ከመንደሩ ሰው ሁሉ ቀድማ ወጣች። ጎረቤት ዱሪን በሚጠብቅላት ቅዳሜ ሁሉ አይብ መሸጫው በር ላይ፣ በረዶ እየወረደባት ቆማ ስንቱን ለመነች! አንዳንዱ ፈረመ፤ አንዳንዱ «ደግሞ የራስን ባል ለማስታመምም ሕግ ይውጣ?» እያለ አላገጠባት። በዋና ከተማው በበርን ያሉት ሹማምንት መቶ ሺህ ፊርማ ካልሞላ አይሰሙም። እንደምንም ሞላ።

ድምፅ በሚሰጥበት እሑድ ሰራይና በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ከቆጣሪዎቹ አንዷ ነበረች። ድምፅ ሰጪው በገዛ እጁ «አዎ» ወይም «አይ» ብሎ ስለሚጽፍ፣ ቆጣሪ የጎረቤቱን የእጅ ጽሑፍ መለየቱ አይቀርም። የለየውን ግን ይውጠዋል፤ የሰው ድምፅ ምስጢር ነው። የ«አይ» ክምር ገና ከጠዋቱ አብጧል።

«ምነው ፈዘዝሽ? ወረቀቱን በዓይንሽ ልትቀይሪው ነው እንዴ?» አላት አጠገቧ የተቀመጠው ጡረተኛው ፖስተኛ ጊሪ።

«አንተ የራስህን ቁጠር!»

በእጇ የያዘችው ወረቀት ላይ የመጨረሻው ፊደል ወደ ታች ተንሸራቷል። የዱሪ ግራ እጅ ነው። አንድ ክረምት ሙሉ እርሳስ እያስያዘች በግራው መጻፍ ያስተማረችው እሷ ናት። ቤት ሆኖ የጻፈውን ሳታይ ፖስታውን ያሸገችለትም፣ ድምፅ መስጫው ሳጥን ውስጥ የከተተችለትም እሷው። «አይ» ይላል።

ያንን ሁሉ ሰው ስትለምን ቤቷ የተቀመጠውን አንዱን ምን ታስባለህ ብላው አታውቅም። መጀመሪያ ተናደደች፤ ከዚያ ሆዷ ባባ። ወረቀቱን ከ«አይ»ዎቹ ላይ አኖረችው።

ከሰዓት በኋላ የአገሩ ውጤት ታወቀ። ሕጉ ወድቋል።

ቤት ስትገባ ዱሪ ሬድዮውን አጥፍቶ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል።

«አይዞሽ» አላት። ዓይኗን ግን አላያትም።

«ምን ይደረግ።»

«ቢያልፍ ኖሮ... ትሄጂ ነበር?»

«እህቴ ጋ። ለሁለት ሳምንት።»

«ከዚያስ?»

እመለስ ነበር ልትለው አፏን ከፈተች። ቃሉ አልወጣ አላት። ዱሪ አንገቱን ደፋ።

ድንቹን ቀቅላ ልጣ ፈጨችለትና ማንኪያውን ወደ አፉ አስጠጋች።